ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 ካለፈው ጉባኤ ወዲህ ከመካከላችን የተለዩትን ሁሉ ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን።

የእድሩ ጸሐፊ «በጉባኤው ላይ ስለ ቸርችል ጎዳና አንድ ነገር ተናገሩ፤ ንግግሩንም በዓመታዊው መጽሔታችን እናወጣዋለን» ብለው በጠየቁን ጊዜ ነገሩ ትንሽ ገርሞን ነበር። «የእድር ስብሰባና የመንገድ ታሪክ ምን አገናኘው?» ማለታችን አልቀረም። እያደር ስናስበው ግን ለእድርተኛ ከዚህ የተሻለ ርእስ የሚገኝ አልመሰለንም። ምክንያቱም ይህ ጎዳና ከላይ እስከ ታች የሙታን ስም የተጻፈበት መንገድ ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

መንገዱን እንዴት እናውቀዋለን?

ሌላው ሰው ቸርችልን የሚያውቀው በሱቁ፣ በባንኩ፣ በቴአትር ቤቱ ይሆናል። እኛ ግን ይበልጥ የምናውቀው በቀብር ነው። ከፒያሳ ሥር በነበሩት ሠፈሮቻችን አንድ ሰው ሲያርፍ ጡሩምባ ነፊያችን ጎሕ ሳይቀድ ይነሣና መንደሩን እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ጎልማሶች ድንኳኑን ይተክላሉ፤ ወንበሩ ይደረደራል፤ ሴቶች ንፍሮውን ይቀቅላሉ። ቀብሩ በቅዱስ ዮሴፍ የሆነ እንደ ሆነ አስከሬን የጫነው መኪና ከፊት፣ ለቀስተኛው በአውቶቡስ ከኋላ ሆኖ ቸርችልን ቁልቁል ይወርዳል። ስንቱን ጎረቤት በዚህ መንገድ ሸኘነው! ስንቱንስ ሌሊት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር ላይ ጋቢያችንን ተከናንበን አስከሬን እስክንረከብ አነጋነው! ስለዚህ መንገዱ ለእኛ የውጭ ሰው አይደለም፤ እንደ አንድ የእድራችን አባል ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ዛሬ እነዚያ ሠፈሮች የሉም። እንደሚታወቀው በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ዶሮ ማነቂያና በአካባቢው የነበሩ መንደሮች ፈርሰዋል። ከእኛም አንዳንዱ ገላን ጉራ ገባ፤ አንዳንዱ በሌላ አቅጣጫ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፤ አንዳንዱ ልጁ ዘንድ ተጠጋ። እውነቱን ለመናገር የድሮው ቤታችን ጠባብ፣ ጣራው የሚያፈስ፣ መጸዳጃውም የጋራ ነበር። ዛሬ ውኃ በቤቱ ያገኘ አባል አለን፤ እሰየው እንላለን። ችግሩ የመጣው በእድሩ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ አባላችን አዲስ በገባበት ፎቅ ቤት አረፈ። ጡሩምባው ወዴት ይነፋ? ፎቅ ለፎቅ? በስልክ ተጠራራን። ድንኳኑን የጫነው መኪና በዝናብና በመንገድ መዘጋጋት ዘገየና ቀብሩ ካለቀ በኋላ ደረሰ። በሰዓቱ የተገኘነውም አሥራ አንድ ሰዎች ብቻ ነበርን። ማታ ተሰባስበን ይቅርታ ልንጠይቅ ብንገባ ባለቤቱ ምን አሉን መሰላችሁ? «ልጆቼ፣ ሰው አጥቼ አይደለም። የፎቁ ጎረቤቶች ደጎች ናቸው፤ ሻይ አፍልተው፣ ዳቦ ገዝተው አብረውኝ ውለዋል። ግን ባሌን የሚያውቀው አንድም አልነበረም። ‹ማን ነበሩ?› ብለው ሲጠይቁኝ ከየት ልጀምርላቸው?» አሉን። እኛም መልስ አልነበረንም። ዛሬ ስለ ጎዳናው ስንናገር የእኒህን እናት ጥያቄ እንዳንረሳው አደራ እንላለን።

አሁን አብረን እንውረድ

እንግዲህ ከላይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ እንጀምር። ሕንፃውን የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለ ጣልያናዊ አርክቴክት ሲሆን፣ የአፍሪካ አዳራሽም የእሱ ሥራ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ አቅራቢያ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ አውግዘው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ተደብድበው የሞቱ አባት ናቸው። ከዚያ ከፍ ሲባል ቅዱስ ጊዮርጊስና የአፄ ምኒልክ ሐውልት ይገኛሉ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው ፒያሳ ነው።

መንገዱ ራሱ የተሰየመው በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በዊንስተን ቸርችል ነው። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲባረር የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጎን መሰለፉን ለማስታወስ የወጣ ስም ነው። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አንድ ተማሪ «አባባ፣ ቸርችል ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ከመካከላችን አንዱን ጠየቀው። «የሰው ስም ነው፣ ልጄ» ሲለው፣ «እኔ ቁልቁለት ማለት ይመስለኝ ነበር» አለና ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ልጁ ግን ምን አጠፋ? ስም ካልተነገረ ቁልቁለት ሆኖ ይቀራል።

ወረድ ስንል ቴዎድሮስ አደባባይ ነው። እዚያ የምናየው መድፍ የሴባስቶፖል አምሳያ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ያን ታላቅ መድፍ ጋፋት ላይ አስቀልጠው በስንት ሕዝብ ጉልበት ወደ መቅደላ አስወሰዱት። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ «እጄን አልሰጥም» ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እድርተኛ ሊያስበው የሚገባው ግን የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ነገር ነው። በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በ1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ እዚያው ሞተ፤ በዊንድሶር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ከአፄ ቴዎድሮስ ራስ የተቆረጠው ጠጉር በ2011 ዓ.ም. ለአገራችን ተመልሷል። የልጁ አፅም ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. «የሌሎችን አፅም ሳናውክ ማውጣት አይቻልም» የሚል መልስ ሰጥቷል። ከሞተ አንድ መቶ አርባ ዓመት ያለፈው ልጅ አሁንም አገሩ ትጠይቀዋለች ማለት ነው። ይህ እኮ የእድር ሥራ ነው!

እንቀጥል። በዚሁ መንገድ ላይ ሊሴ ገብረ ማርያም የሚባለው የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት አለ። ልጆቹ «ሊሴ» ብለው ያሳጥሩታል። ገብረ ማርያም የተባሉት ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ ናቸው፤ በ1929 ዓ.ም. በደቡብ ከጣልያን ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁ ጀግና ናቸው።

ዋናው ፖስታ ቤትም በዚሁ ጎዳና ላይ ነው። በአገራችን ደብዳቤ ቤት ለቤት ስለማይታደል፣ ልጁ ውጭ አገር የሄደበት ሰው ሁሉ የፖስታ ሣጥን ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ አስሮ ወደዚያ ይመላለስ ነበር። በደርግ ዘመን ስንት ልጅ ተሰደደ! ከሣጥኑ ፎቶግራፍ ያገኘ ሰው እየሳቀ ዳገቱን ይወጣል። ሣጥኑ ባዶ የሆነበት ደግሞ «ለሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል» እያለ ይመለሳል። የሞት ወሬ የያዘ ደብዳቤ ግን ለቤተሰቡ አይላክም፤ ለእድር ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ፊቱን አጠንክሮ ሠፈሩን ያልፍና ማታ የቅርብ ሰዎችን ሰብስቦ ይመክራል፤ በማግሥቱ ሌሊት ተያይዞ ሄዶ መርዶውን ያረዳል። ዛሬ መርዶ በስልክ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ሲደርስ ስናይ፣ ያ ወግ ለምን እንደ ተሠራ ይገባናል።

ከዚያ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና ትግላችን ሐውልት ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ጥቁር አንበሳ የሚለው ስም ከአውሬው ብቻ የመጣ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ፣ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና የተማሩ ሰዎች በወለጋ ያቋቋሙት የአርበኞች ድርጅት ስም ነበር። መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ ልዑል ራስ እምሩም የጦሩ አዛዥ ሆነዋል። ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ ዕድሜ አላገኙም። ስማቸውን በየቀኑ የሚጠራው ግን ታማሚና አስታማሚ ነው፤ «ጥቁር አንበሳ ተኝቷል»፣ «ከጥቁር አንበሳ ወጣ» እንላለን።

ትግላችን ሐውልት በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር የተመረቀ ነው። ቁመቱ ሃምሳ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የተሠራው በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ ነው። ስለዚያ ዘመን የእያንዳንዳችን ቤት የየራሱ ቁስል አለው። እኛም እዚህ የፖለቲካ ክርክር ልንከፍት አልመጣንም። ነገር ግን ሐውልቱ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማልያ ወረራ ጊዜ በኦጋዴን ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ ነው። የካቲት 26 ቀን የካራማራ ድል በዓል የሚከበረውም እዚያ ነው። ከሥሩ የኩባ ወታደሮች ምስል አለ። አንድ ጊዜ አስከሬን ስንጠብቅ አንዲት እናታችን ወደዚያ ተሻግረው አንድ በአንድ ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ውይ የእናታቸው ልጆች! ማን አለቀሰላቸው ይሆን?» ብለው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው እንባቸውን አፈሰሱ። ያን ዕለት እድር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ከመተዳደሪያ ደንባችን ይልቅ ከእሳቸው ተማርን።

ዝቅ ስንል ብሔራዊ ቴአትር ይመጣል። ጣልያኖች ለሲኒማ ጀምረውት የቀረው ሕንፃ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት ሲከበር በ1948 ዓ.ም. ተጠናቆ ተመረቀ። ከፊቱ የቆመው የድንጋይ አንበሳም የዚያው በዓል መታሰቢያ ሲሆን፣ ቀራጩ ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በዚያው አካባቢ ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ አለ። አጠገቡ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የንግድ ባንክ ፎቅ ደግሞ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ለማየት አንገታችንን ስናቀና የአንዳንዳችን ባርኔጣ ወድቋል።

መጨረሻው ለገሃር ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ «ባቡር ጣቢያ» ማለት ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን የሚሄደውም በከተማው ዳር በኩል ነው፤ አሮጌው ጣቢያ ግን ከዚያ በፊት ጀምሮ ባቡር የማይገባበት ሆኗል። ያም ሆኖ የታክሲ ረዳቱ ዛሬም «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ይጣራል።

የሄደው እንዴት ተመለሰ?

ከጣቢያው ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሟል። በ1923 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የተሠራ ነው። ፋሺስት አገራችንን በወረረ ጊዜ ነቅሎ ሮማ ወሰደው። ዘርአይ ደረስ የተባለው የኤርትራ ተወላጅ በ1929 ዓ.ም. በሮማ አደባባይ ሰይፉን መዝዞ በፋሺስቶች ላይ የተነሣው በዚያ ነው። ተይዞ ከአገሩ ሳይገባ፣ በ1937 ዓ.ም. በሲሲልያ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ። አንበሳው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ከቦታው ቆመ።

እስቲ ልብ በሉ። የአፄ ምኒልክን ሐውልትም ጣልያን ነቅሎ ቀብሮት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ወጥቶ ከቦታው ተተከለ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ሥራ ተነሥቶ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ ያን ጊዜ «ላይመለስ ነው» ብለን ስንቶቻችን አዘንን! በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። እነዚህ ሦስቱ፣ ሁለቱ ከመንገዱ ራስ አንዱ ከመንገዱ እግር፣ ከቦታቸው ተነቅለው ነበር። የተመለሱት ድንጋይና ነሐስ እግር ስላለው አይደለም። ስሙን ያልረሳ፣ «የት ደረሰ?» እያለ የሚጠይቅ ሰው ስለ ነበረ ነው። ያ ባይኖር ኖሮ የተቀበረው እንደ ተቀበረ፣ የተወሰደውም እንደ ተወሰደ ይቀር ነበር።

የእኛ ሠፈር ግን አይመለስም። ይህን ለራሳችን ቁርጡን መናገር ይሻላል። የእኛ ሰዎች ደግሞ በጎዳና ስም የሚወጣላቸው፣ ሐውልት የሚቆምላቸው አይደሉም። እንጀራ ጋግራ አምስት ልጅ ያስተማረች፣ በለገሃር ሻንጣ ተሸክሞ ጡረታ ሳያገኝ የሞተ፣ ሠላሳ ዓመት ጡሩምባ የነፋልን፣ እነዚህ ናቸው የእኛ ሰዎች። ታዲያ ለእነዚህ «ማን ነበሩ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ማን ነው? መንደሩ ሳለ ግድግዳው ይመልስ ነበር፤ በር ላይ የተቀመጠች አሮጊት ትመልስ ነበር። አሁን የቀረው መዝገባችን ብቻ ነው። መዝገባችንን ገልጠን ስናየው ደግሞ የሟቹ ስም፣ የተከፈለው ገንዘብና ቀኑ ነው ያለው። የሰውየው ሕይወት የለበትም።

ስለዚህ የምንለው

ከዚህ በላይ ያልነው ሁሉ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር፣ ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፦ ርቆ በመሄዱ ምክንያት ከስብሰባ የቀረ ወይም ወርኃዊ መዋጮውን ያዘገየ አባል ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንዳይሰረዝ። «በሩቅ የሚኖር ለእኛ አይበጅም፤ በየሠፈራችን ሌላ እድር እንግባ» የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን። ይግቡ፤ የቅርብ ጎረቤት ያስፈልጋል። የገንዘቡ ክርክርም እውነት አለው፤ ለሁለት እድር መክፈል ለጡረተኛ ይከብዳል። ለእነሱ ግማሽ መዋጮ ቢወሰን ከምንለያይ ይሻላል እንላለን።

ሁለተኛ፦ አባሎቻችን በብዛት በሚኖሩበት በየአቅጣጫው አንድ ተጠሪ ይመረጥ፤ አነስተኛ ድንኳንና ጥቂት ወንበር በእጁ ይቀመጥ። ባለፈው ክረምት የደረሰብን እፍረት ሁለተኛ እንዳይደርስ።

ሦስተኛ፦ ዋናው ጉዳያችን ይህ ነው። አንድ አዲስ መዝገብ ይከፈት። ለእያንዳንዱ ሟች አምስት መስመር ብቻ ይጻፍ፦ ሙሉ ስም፣ የት ይኖር እንደ ነበር፣ ምን ይሠራ እንደ ነበር፣ ማንን እንዳሳደገ፣ በምን እንደምናስታውሰው። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ መዝገብ ይግባ፤ ስንኖርም እንዲሁ ነበርን። ጽሕፈቱን ልጆቻችን ይሥሩት፣ እኛ እንነግራቸዋለን። በለቅሶ ቤት በሦስተኛው ቀን ይነበብ፤ የፎቁ ጎረቤትም ይስማ። ባለፈው ክረምት ያረፈው የወንድማችን ገጽ የመጀመሪያው ይሁን። ባለቤቱም ዛሬ እዚህ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። እናታችን፣ ከየት እንደሚጀምሩ ለጠየቁን፣ መልሳችን «ከእኛ ጋር ይጀምሩ፤ እኛ እንጽፋለን» የሚል ነው።

በመጨረሻም አንድ ልማድ እንጠይቃለን። ቸርችል ዛሬ እግረኛ መንገዱ ሰፍቶ አምሮበታል። በዓመት አንድ ቀን፣ ከዚህ ጉባኤ በኋላ፣ አቅም ያለው ሁሉ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር በእግሩ ይውረድ። ዳገት አይደለም፣ ቁልቁለት ነው፤ ጉልበት የደከመው በታክሲ ቀድሞ ይጠብቀን። የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። በየደረሳችሁበት «ይህ ማን ነው?» ብለው ይጠይቋችሁ፤ ንገሯቸው። ከዚያም «አያቴስ የት ነበር የሚኖረው?» ይላሉና ወደ ላይ ዞራችሁ በጣታችሁ አሳዩአቸው።